ሁለተኛው ጆይስቲክ

ነስሩ ቤት ነበረ፣ ከለገሃር ወረድ ብሎ፣
ከልብስ ሰፊው ጎን፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ግሎ።
አንድ ቴሌቪዥን፣ ሆዱ የተነፋ፣
አንድ ማራገቢያ፣ ሲዞር የሚያንኮራፋ፣
ሁለት ጆይስቲክ፤ ደህና ነው አንዱ፤
ሁለተኛው ወደ ቀኝ ይስባል፣ አይቀናም መንገዱ።
የወደቀች ቁልፉን በሸሚዝ ቁልፍ ተክቶ
ነስሩ አጣብቋታል፣ ሙጫ በጣቱ ቀብቶ፤
አራት ዓይን ነበራት፣ ስንጫወት የምታየን።

አንድ ጨዋታ አንድ ብር። የተሸነፈ ይነሳል፣
ያሸነፈ ይቆያል፤ ተረኛው ከኋላ ቆሞ እንደ አሰልጣኝ ይጮሃል፦
«አቀብል አቦ!» «ምታው አቦ!» «ኧረ ምን ነካህ!»
ፈትሂ ከጎኔ፣ ክርኑ ክርኔን እየነካ፣
ሲያገባ ጉልበቴን በጥፊ የሚያጋይ፣
ሲቆጠርበት «ጆይስቲኩ ነው!» ብሎ የሚምል በሰማይ።

ያንን ጆይስቲክ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤
አመሉን የለመደ፣ ጣቱን ወደ ግራ አዘንብሎ ይነዳዋል።
የሚከሰው እንግዳ ብቻ ነው።

ገነት ነበር አልልም። የደብተር ብሬን በልቶብኛል፤
ነስሩም ሰው ሲበዛ ደቂቃ ይቀንስ ነበር።
ግን ስሸነፍ
ማን እንዳሸነፈኝ አውቃለሁ፤
ማታ ዳቦ ስገዛ፣ ሰልፉ ላይ ከፊቴ ነው።

*

አሁን ከሌሊት ፈረቃ ስገባ፣ ሲሚንቶው ከቅንድቤ ሳይራገፍ፣
ፍራሼ ላይ ተጋድሜ ስልኬን እከፍታለሁ።
መቶ ሰው ከሰማይ በጃንጥላ ይዘንባል፤
መቶ ሰው አንድ ደሴት ላይ፣
አንድ እንኳ «እንዴት አደራችሁ» የሚል የለም።
ጓድ ተብሎ የተመደበልኝ ስሙ «ዘንዶ ሰባ ሰባት» ነው፤
በማላውቀው ቋንቋ እናቴን ይሰድባል።
ካላወቅህ ስድብ መሆኑን በምን ለየህ? ትሉኝ ይሆናል፤
ስድብ መቼ አስተርጓሚ ይሻል?

በጥር ደሞዜ ካፖርት ገዛሁ፣ ወርቅ የተቀባ፤
በድሬ ሙቀት፣ ካፖርት!
እኔ በሽርጥ ሆኜ፣ ላቤ ፍራሹን እያራሰ፣
ለዚያ ለማይበርደው፣ ገላ ለሌለው።
በሚያዝያ «ወቅቱ አበቃ» የሚል ጽሑፍ መጣ፤
ካፖርቱም አብሮ ሄደ።
የምን ወቅት? እዚህ አገር ያለው
በጋና ከበጋም የባሰ በጋ ነው።

ይሄንንም ቻልኩት። ያልቻልኩት ሌላ ነው፦
አንድ ቀን እረፍት ሰዓት ላይ ትንሳኤ፣ የፈረቃ ጓዴ፣
ሳንቡሳውን እያኘከ፣ እንደ ቀልድ፣
«ግማሾቹ እኮ ሰው አይደሉም» አለኝ፤
«ተስፋ እንዳትቆርጥ፣ እንድትገድላቸው የሚሰጡህ ናቸው።»

አንዱን አስታወስኩ። ድልድይ ሥር ቆሞ ነበር፣
መሣሪያውን ዝቅ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ግንቡ።
የፈራ ልጅ መስሎኝ፣
ጣቴን ከቁልፉ አንስቼ አለፍኩት፤
ያን ሌሊት ደግ ሰው ነኝ ብዬ ነበር የተኛሁት።

*

በማግስቱ እግሬ ነስሩ ቤት ወሰደኝ።
ውርርድ ቤት ሆኗል። ስድስት ስክሪን፣ ሁሉም ቀጭን፣
ከሥሩ አንገታቸውን የሰቀሉ ልጆች፣
በእጃቸው ቁራጭ ወረቀት፣
ክርን ከክርን አይነካም።
ነስሩ ጅግጅጋ ገባ አሉ፤ ሶላር ይሸጣል።

በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንድ ባጃጅ ጥሩምባ ነፋ።
«ግባ አቦ! ምን ይገትርሃል?»
ፈትሂ ነው። ጸጉሩ ሸሽቷል፣ ድምፁ ያው።
የደቻቱን ድልድይ ተሻገርን፤ ከሥር አሸዋ ብቻ፣
አሸዋው ላይ ጎማ የሚነዳ አንድ ልጅ።
«አሁንም ትጫወታለህ?» አለኝ በመስታወቱ።
«ትቻለሁ» አልኩት።
ኪሴ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ፦
ና፣ ስጦታህ ሊያልፍብህ ነው።

ሰምቶ ሳቀ። እኔም።

የባጃጁ መሪ ወደ ቀኝ ይስባል።
ፈትሂ ምንም አላለም፤ ሳያስበው
ትከሻውን ወደ ግራ ዘንበል አደረገ፤
እኔም ከኋላው፣ ማንም ሳያዘኝ፣
ዘንበል አልኩ።